ባዶውን የማይመለስ ሳህን

ስኳር በሽታ እንዳለብኝ የታወቀው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በመሀሉ ያለውን ሁሉ አልተርክም፤ አሰልቺ ነው። ጠዋት መርፌ፣ ማታ መርፌ፣ በመሀል «ይቺ ልጅ ምነው ከሳች» የሚል ጎረቤት። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። እንደ እህቴ ጂዳ ልሂድ ብዬ ፓስፖርት አወጣሁ፤ የጤና ምርመራው ላይ ወደቅሁ። ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ፤ በስምንተኛው ወር ማሽኑ ሥር ተዝለፍልፌ ተገኘሁና ባለቤቱ «እህቴ፣ አንቺ ቤትሽ አረፍ ብትዪ አይሻልም?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቶ ነው። እኔም አረፍኩ። ከሚገባው በላይ አረፍኩ።

አብረውኝ የተማሩት ግማሾቹ ዓረብ አገር ናቸው፣ ግማሾቹ አግብተዋል። መጀመሪያ አካባቢ ይደውሉ ነበር። «እንዴት ነሽ፣ አፊያ ነሽ?» ይሉኛል፤ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል። እነሱ ስለ አሠሪዎቻቸውና ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ እኔ ከግድግዳ ሌላ የማወራለት ነገር አልነበረኝም። ቀስ በቀስ መደወሉም ቀረ። አልፈርድባቸውም። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ለኔ አልደውልም ነበር።

መድኃኒቴ የሚቀመጠው ከአልጋዬ ሥር ነው። ፍሪጅ የለንም፤ ያላቸው ጎረቤቶችም መብራት ሲጠፋ ያው እንደኛ ናቸው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብራለች፤ ብልቃጡ እሷ ውስጥ ነው። እናቴ ገበያ ሽንኩርትና ቅመም ትሸጣለች። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት አሸዋው ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች። ድምፁን እየሰማሁ የተኛሁ እመስላለሁ። እሷ ስትወጣ ተነስቼ መወጋት፣ ቁርስ መብላት፣ ቀኑን መጀመር አለብኝ። በዚያ ዓመት ብዙ ጠዋት አልተወጋሁም። ማሰሮዋን አያታለሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

መሞት አልፈለግሁም። መነሳት ነበር ያልፈለግሁት። ሁለቱ ይለያያሉ ብዬ አስብ ነበር። የምትከታተለኝ ነርስ ግን አይለያዩም አለችኝ።

«እንዲህ ከቀጠልሽ ዓይንሽ ነው የሚሄደው፣ ወይ ኩላሊትሽ፣ ወይ እግርሽ» አለችኝ፣ የልብስ ቀለም የምታስመርጠኝ ይመስል። «መርፌሽን ተወጊ። በቀን ሠላሳ ደቂቃ ደግሞ በእግርሽ ሂጂ።»

«ወዴት?»

«ወዴትም።»

ይህቺ ነርስ ከሌላ አገር የመጣች መሆን አለባት። ከሚሴ ውስጥ ወዴትም የሚባል ቦታ የለም። ከቤትሽ አሥር እርምጃ ሳትርቂ «ወዴት ነው?» ይሉሻል፤ በአማርኛ ካልመለስሽ በኦሮምኛ ይደግሙታል። ገበያ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ወፍጮ ነው፣ ሐኪም ቤት ነው፤ አንዱን ማለት አለብሽ። ሥራ የሌላት፣ ያላገባች፣ የከሳች ልጅ «ዝም ብዬ ነው የምሄደው» ብትል እስከ ማታ ድረስ ወሬው እናቷ ጆሮ ይደርሳል። በሽታዬን ደግሞ ከቤተሰብና ከቅርብ ጎረቤት በቀር ለማንም አልናገርም ነበር። ስለዚህ አልሄድኩም። ተኛሁ።

እንዲህ እያለሁ ረመዳን መጣ።

ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ደብቄ ጾሜ ነበር። ለእናቴ ምሳዬን በልቻለሁ እላለሁ፣ ምግቡን ለዶሮ እደፋለሁ። በአምስተኛው ቀን የነቃሁት ሆስፒታል ነው። ስለዚህ በዚህኛው ረመዳን ዋዜማ እናቴ እጄን ይዛ ሸሁ ዘንድ ወሰደችኝ። ሸሁ ብዙ አልተናገሩም። «አላህ በሽተኛን አላስገደደም» አሉ። «የማይድን በሽታ ከሆነ ጾሙ ካንቺ ላይ ወርዷል። በእያንዳንዱ ቀን ፋንታ አንድ ምስኪን ታበያለሽ።» ይሄ ፊድያ ይባላል። ብዙ ሰው እህል ሰፍሮ በአንዴ ይሰጥና ይገላገላል። እናቴም መጀመሪያ ማሽላ ልትሰፍር ነበር፤ ኋላ ግን ድሮ ገበያ ወተት ትሸጥ የነበረች አንዲት አሮጊት ትዝ አለቻት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር ብቻዋን ትኖራለች። እህል ቢሰጧት ወፍጮ የሚያደርስላት የለም። የበሰለ ነው የሚያስፈልጋት፣ በየቀኑ።

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች እናቴ። «ተሸካሚዋ አንቺ ነሽ።»

«ባጃጅ አለ።»

«ባጃጅ ሾርባ ይደፋል።»

«እንግዲያው አንቺ ሂጂ።»

«ጉልበቴን እያየሽው? ደግሞ ጾሙ ያንቺ ነው፣ የኔ አይደለም።»

እህቴ ከጂዳ የላከቻት ሙቀት የሚይዝ ባለ ክዳን ሳህን አለች። እናቴ ለእንግዳ እንኳ አታወጣትም። እሷን አውጥታ ሾርባውን በትንሽ ጣሳ፣ እንጀራውን ከነወጡ፣ ከላይ ሦስት ሳምቡሳ ደርድራ ዘጋችው። በሻሽ አስራ ሰጠችኝ። ነርሷ ክፍት ጫማ እንዳላደርግ ስለከለከለችኝ እህቴ የላከችውን አንድ ቁጥር የሚሰፋኝን ስኒከር በካልሲ አደረግሁ። ከረዥም ቀሚስ ሥር ነጭ ስኒከር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ወጣሁ።

የዚያን ሰዓት ፀሐይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ተጋድሞ የማፍጠሪያውን መግሪብ ይጠብቃል። አስፋልቱ በጫማዬ ሥር ይለበልባል። ገና ከመናኸሪያው ሳላልፍ አንድ ባጃጅ ከጎኔ ቀስ አለ። ሾፌሩ ጥርሱ ላይ መፋቂያ ሰክቷል።

«እህቴ፣ ግቢ።»

«በእግሬ ነው።»

«በነፃ ነው እኮ። ጾመኛን ማድረስ አጅር አለው፤ አላህ ይከፍላል።»

«አጅርህን ሌላ ጋ ፈልግ።»

«ኧረ ስፖርተኛዋ» አለና ሳቀ፤ ጫማዬን አይቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ። በየቀኑ እዚያው ቦታ ይጠብቀኛል፤ በየቀኑ «ግቢ» ይለኛል፤ በየቀኑ እምቢ እላለሁ። እንድገባ ፈልጎ ሳይሆን መጠየቁን ለምዶት ነው። ግን አንድ ነገር ልናገር፤ በዚያ ሰዓት «ወዴት ነው?» ሲሉኝ መልስ ነበረኝ። እጄ ላይ ሳህን አለ። «ምግብ ላደርስ» እላለሁ፤ «አላህ ይቀበልሽ» ብለው ያሳልፉኛል። ሳህኗ የይለፍ ወረቀቴ ነበረች።

መንገዱ ለኔ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ለጤነኛ ሰው ሃያ አምስት። በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ቆሜያለሁ። ቤቶቹ ካለቁ በኋላ አንድ ትልቅ ግራር አለ። ከግራሩ ጀርባ ተቀምጬ ከኪሴ ብስኩት አውጥቼ በላሁ፤ ካልበላሁ ስኳሬ ይወርዳል። አፌን በሻርፔ ጠረግሁ፣ ፍርፋሪውን ከቀሚሴ ላይ አራገፍኩ። ለጾመኛ ፊድያ ይዤ ስሄድ እየበላሁ መታየት አልፈለግሁም። እንደ ሌባ ነበር የተሰማኝ።

አሮጊቷ በሯ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጠቁራ የደረቀች፣ ዓይኗ ግን የማይተኛ።

«አከም ኦልቴ፣ ኢንተለ ቲያ» አለችኝ፤ እንዴት ዋልሽ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞራ «የማን ነሽ?» አለች።

ነገርኳት።

«እናትሽ ምነው ራሷ አልመጣች? ጉልበቷን ነው ወይስ ስንፍናዋን ነው ያመማት?»

«ጉልበቷን።»

«እሱም ይሁን። አንቺስ ምነው ገረጣሽ? ጾሙ ጎዳሽ?»

እዚህ ጋ እውነቱን መናገር እችል ነበር። «አዎ፣ ጎዳኝ» አልኩ።

«እኔንም ጎድቶኛል» አለች፤ ከንፈሯን ገልብጣ ድርቀቱን አሳየችኝ። «አላህ ይቀበለን።»

«አሚን» አልኩ፤ ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አኮ ብዬ ጠራኋት፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። ምግቡን ወደራሷ ገበታ ገለበጠችና ሳህኗን አጥባ ልትሰጠኝ ስትል ቆም አለች። ጎጆዋን ዞራ አየች። ከአጥሯ ላይ አንድ ሎሚ ቆርጣ ሳህኗ ውስጥ ጣለች። በኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል። ግን እንደሷ የጠበቀው ሰው አላየሁም። አንድ ቀን ሎሚ፣ አንድ ቀን ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ቀን ጤና አዳም፤ ምንም ባጣችበት ቀን አንድ ራስ ሽንኩርት። እናቴ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ሽንኩርቱን አይታ ሳቀች፤ ከዚያ ለብቻው አስቀመጠችው፤ አልሸጠችውም።

የረመዳን ብቸኝነት ለሚበላ ሰው ነው። ይሄን ማንም አይነግርሽም። መግሪብ ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ ተምር ይዞ ይጠብቃል፤ አዛኑ ሲሰማ ሁሉም ሰው ፊቱ ላይ አንድ ዓይነት ብርሃን ይወጣል። እኔም ተምር ይዣለሁ፣ እኔም ቢስሚላህ እላለሁ፤ ብርሃኑ ግን አይመጣልኝም። ቀን የበላሁ ሰው ነኝ። በእናቴና በጎረቤቶቻችን መሀል ተቀምጬ ሌላ ከተማ ያለሁ ያህል እርቃለሁ። ስለዚህ ከአኮ ቤት ስመለስ እርምጃዬን አዘገይ ጀመር፤ ሾርባው ከተጠጣ በኋላ እንድደርስ።

እንዲህ ስዘገይ ነው መንገዱን ማየት የጀመርኩት። ደረቅ ወቅት ስለነበር ከቆላ የመጡ ከብቶች ወደ ጨፋ ሜዳ ሣር ይወርዳሉ፤ አንዳንዴ ግመሎች አስፋልቱን ይዘጉትና ሚኒባሶቹ ጥሩምባ እየነፉ ይቆማሉ። የማሽላው ማሳ ታጭዶ ቅሪቱ ቆሟል። ወንዙ ዳር ግን በመስኖ የተተከለ ሽንኩርት አረንጓዴ ነው። ትልቅ ነገር አላሰብኩም። ከራሴ ሌላ የማየው ነገር ነበር፣ ያ ብቻ። በሰባተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ቆምኩ። በአሥረኛው ቀን ግራሩ ጋ የቆምኩት ለብስኩቱ እንጂ ለእግሬ አይደለም። ጠዋት ደግሞ እወጋ ጀመር፤ ስለተሻለኝ አይደለም፣ ካልተወጋሁ ከሰዓት በኋላ አስፋልት ላይ እወድቃለሁ ብዬ ነው። ሳህን ይዤ መውደቅ አልፈለግሁም። የእናቴ ሳህን ናት።

በአሥራ አራተኛው ቀን አክስቴ ከገጠር መጣችና ቀኑን ሙሉ ቤታችን ዋለች። እሷ በሽታዬን በደንብ አታውቅም። እሷ ፊት ምሳ መብላት አፈርኩ። ጓዳ ገብቼ ቆሜ ሁለት ጉርሻ ጎረስኩ፤ እሷ «ምን ትሠሪያለሽ?» ስትል ተውኩት። መርፌውን ግን ጠዋት ሙሉውን ወግቻለሁ። ይባስ ብሎ ብስኩቴን ረስቼ ወጣሁ። ግራሩ ጋ ስደርስ ኪሴ ባዶ ነው። ልመለስ ብዬ አሰብኩ፤ አኮ ትጠብቃለች ብዬ ቀጠልኩ።

በሯ ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ሳህኗን ለመስጠት እጄን ዘረጋሁ፤ አኮ ግን ሳህኗን ሳይሆን ክንዴን ይዛ ወደ ጎጆዋ አስገባችኝ።

«ታኢ» አለች፤ ተቀመጪ። አልተቀመጥኩም፤ ወደቅሁ ማለት ይቀላል፤ መደቡ ላይ። ፊቷ ሲርቅና ሲቀርብ ይታየኛል። ጎንበስ ብላ ከአልጋዋ ሥር እንቅብ ጎተተች። ከእንቅቡ ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ጣሳ አወጣች፤ ከጎኑ የተገመጠ ዳቦ። ጣሳው ውስጥ ለብ ያለ ሻይ አለ፤ ስኳሩ የበዛ፣ ግማሹ የተጠጣ።

«ዹጊ» አለችኝ። «ጠጪ።»

እየሞትኩ እንኳ የሚያፍር አፍ አለኝ። «ጾመኛ ነኝ» አልኳት።

«እኔም ነኝ» አለች። «ጠጪ።»

ጠጣሁ። ዳቦውንም እሷ በገመጠችበት በኩል ገመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ጎጆው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ምሰሶው ምሰሶ ሆነ፣ እሷም አንድ ሰው ሆነች። ሰዓቱ ገና አሥር ተኩል አልሆነም። የረመዳን ቀን ነው። ጣሳው በሁለታችን መሀል ተቀምጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ሦስት ዓመቴ። ጨጓራዬ ነው፤ ደም ግፊትም ጨምረውልኛል። ሸሁ ተዪ አሉኝ። አንቺስ?»

«ስኳር። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ።»

«ታዲያ ከግራሩ ጀርባ ምን ትሠሪ ነበር?»

ክው አልኩ። «አይተሽኛል?»

«ዓይኔ አላረጀም፤ ግራሩ ከበሬ ይታየኛል። ሽንት ነው ብዬ ነበር። በየቀኑ እዚያው ሲሆን ግን፣ ይቺ ልጅ አንድ ነገር ታኝካለች አልኩ።»

ሳቅ ያዘኝ። እሷንም ያዛት። ሁለት ጾም ገዳፊዎች በር ዘግተን እስክናለቅስ ሳቅን። እኔ እሷን አፍሬ፣ እሷ እኔን አፍራ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከንፈራችንን እያሳየን «አላህ ይቀበለን» ስንባባል ከርመናል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ቆይ፣ አኮ። አንቺም ካልጾምሽ ያንቺ ፊድያስ?»

«ታዲያ ሦስት ሳምቡሳ ለኔ ለብቻዬ ይመስልሻል?» አለች። «በስንት ጥርሴ? ከኋላ ያለው ዓይነ ስውር ሰውዬ ግማሹን ይበላል። ደሃ አይገደድም ብለውኛል፤ ቢሆንም ባዶ እጄን ከምቀርብ ብዬ ነው።»

ያቺ ሳህን ለካ የሁለት ሰው ጾም ነበር የምትሸከመው። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሸሁን አልጠየቅኋቸውም። አላህ ያውቀዋል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ አብረን በላን። እኔ ከቤት ለራሴ ቂጣ እጨምራለሁ፤ ስደርስ በሩን ገርበብ እናደርገዋለን፤ የዓይነ ስውሩን ድርሻ ቀድማ ታወጣና ከዚያ እጃችንን እንታጠባለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ምግብ ስበላ የምደበቅ ወይም የምመከር ሰው ነበርኩ። ከሷ ጋር ዝም ብሎ መብላት ብቻ ነበር። አንድ ቀን መርፌውን አሳዪኝ አለችኝ፤ ሆዴን ገልጬ አሳየኋት።

«ይቺን ነው የምትፈሪው? ወተት ሻጭ ሳለሁ ላሜ ከዚህ በወፈረ መርፌ ስትወጋ ዝም ትል ነበር።»

«ላም ነኝ እንዴ?»

«ላም ብትሆኚማ ወተት በሰጠሽኝ።»

ቀኖቹ አለቁ። በዒድ ቀን ሥጋ ይዤላት ሄድኩ። ቤቷ ጎረቤት ሞልቶ ስለነበር ብዙ አልተቀመጥኩም። ሥጋውን ሳትገለብጥ ሳህኗን እንዳለች ተቀበለችኝና «ነገ ትወስጃታለሽ» አለች። «እሺ» አልኩ። በማግስቱ አልሄድኩም።

ለምን እንዳልሄድኩ ሰው ቢጠይቀኝ ጥሩ መልስ የለኝም። ጠዋት ነቃሁ፤ የምሸከመው ምግብ የለም፤ የሚጠብቀኝ ቀን የለም። ረመዳን ሲወጣ ከእኔም ውስጥ አንድ ነገር አብሮ ወጣ። እናቴ አሸዋውን ውሃ ስታርከፈክፍ ሰማሁ፤ የተኛሁ መሰልኩ። ስትወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። በሁለተኛውም ቀን። በሦስተኛውም። መርፌውን ሁለት ጠዋት ዘለልኩት። ከወር በፊት ወደነበርኩበት ለመመለስ ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀብኝ፤ በጣም የሚያስፈራው እሱ ነው። ያ ሁሉ አስፋልት፣ ያ ሁሉ ላብ፣ ሦስት ቀን።

በአምስተኛው ቀን እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ሳህኔስ?»

«አኮ ጋ ናት።»

«አውቃለሁ የት እንዳለች። እኔ የምልሽ፣ ምን ትሠራለች እዚያ?»

ተነሳሁ። ተወጋሁ። ጫማዬን አደረግሁ። ባጃጁ «ስፖርተኛዋ፣ ዒድ አለፈ እኮ» አለኝ። «ዕቃ ላመጣ ነው» አልኩት። ሦስት ጊዜ ቆሜ ደረስኩ። በሩ ላይ ሰንሰለት አለ፤ ከድንጋይዋ ላይ ዶሮ ቆማለች።

ጎረቤቷ ከአጥሯ ብቅ አለች። «የወንድሟ ልጅ መኪና ይዞ መጥቶ ጨፋ ሮቢት ወሰዳት። ብቻሽን ከዚህ በላይ አትቀመጪም ብሎ።»

«መቼ?»

«ትላንት። አንቺ ነሽ ምግብ ታመጪ የነበርሽው? ሦስት ቀን በር ላይ ተቀምጣ አስፋልቱን ስታይ ነበር። ትመጣለች፣ ዕቃዋን ትወስዳለች ስትል። ኋላ ዕቃውንም ይዛው ሄደች። ለሰው አልሰጥም፣ ባዶ ነው ብላ።»

ድንጋይዋ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዶሮዋን አባርሬ። እኔ ግድግዳ ሳይ እሷ አስፋልት ታይ ነበር። በሕይወቴ አንድም ሰው እንዲህ ጠብቆኝ አያውቅም፤ እኔም ተኝቼ አሳለፍኩት። ስልክ የላትም። የወንድሟን ልጅ አላውቀውም። አልቅሼ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አላለቀስኩም። ተነስቼ ተመለስኩ።

እናቴ ሳህኗን ተዪያት አለች፤ ጨፋ ሮቢት ድረስ ለሳህን አይኬድም። እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወጣሁ። «ወዴት ነው?» ሲሉኝ «ዕቃ ላመጣ» እላለሁ። እስከተዘጋው በር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። በሳምንቱ ከበሩ አልፌ እስከ ትንሿ ድልድይ ሄድኩ። ጨፋ ሮቢት በእግር የሚደረስ አይደለም፤ በሚኒባስ ግን ቅርብ ነው፤ ልሳፈር ብል ማንም አይከለክለኝም። አልተሳፈርኩም። ከደረስኩ ዕቃዬን እቀበላለሁ፣ ምክንያቴም ያልቃል ብዬ ፈራሁ። ይሄን ለማንም አልነገርኩም፤ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ደግሞ ምን ብዬ ፊቷን አያለሁ? ተኝቼ ነበር ልበላት?

ያን ጊዜ የበልግ ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሮ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ፤ ግራሩ ጋ ብስኩቴን በግልጽ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እበላለሁ፤ የሚያየኝ የለም። ስኳሬን ስለካ ከሁለት መቶ በታች ያየሁበት ቀን ነበር። ነርሷ «ምን አደረግሽ?» አለችኝ። «ዕቃ እፈልጋለሁ» አልኳት። አልገባትም፤ ጻፈችና «ቀጥዪበት» አለች።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን እናቴ ሳህኗን ይዛ ገባች። ከጨፋ ሮቢት በርበሬ የምታመጣላት ነጋዴ ናት ያደረሰቻት። «አሮጊቷ በሮቢት ገበያ እየዞረች ከሚሴ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ማን ያውቃል ስትል አገኘችኝ አለች ነጋዴዋ» አለችና እናቴ ክዳኑን ከፈተች። ፊቷ ተለወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ውስጡ በፌስታል የተቋጠረ ስኳር አለ። አንድ እፍኝ ያህል።

«ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ሴትዮዋ ልትገድልሽ ነው?»

«አይ፣ እማ» አልኳት። ያለቀስኩት ያኔ ነው። እናቴ ቋጠሮውን ይዛ ቆመች፤ ምን እንደነካኝ አልገባትም። ስኳሬ ሲወርድ ምን እንደሚያስፈልገኝ ሐኪም ያልሆነች አንዲት ሰው ታውቃለች። ብስኩቴን እንደምረሳም ታውቃለች። አልተቀየመችኝም፤ ወይም ተቀይማም ልካለች።

በማግስቱ ጠዋት ነቃሁ። ሳህኗ መደርደሪያ ላይ ናት። የማመጣው ዕቃ የለም፤ የማደርሰው ምግብ የለም። እናቴ አሸዋውን ስታርከፈክፍ ሰማሁ። ፊቴ ወደ ግድግዳ ነበር። ይሄን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ብዙ ተኛሁ። እሷ ወጥታ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቆርቆሮው መሞቅ እስኪጀምር ድረስ ተኛሁ። ከዚያ ተነሳሁና ተወጋሁ። ለምን እንደተነሳሁ ባወቅሁና ለሌላው በነገርኩ። ቋጠሮውን ኪሴ ከተትኩ።

መናኸሪያው ጋ ባጃጁ ቀስ አለ።

«ስፖርተኛዋ፣ ዛሬስ ዕቃሽ አልተገኘም?»

«ተገኝቷል።»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

እጄ ባዶ ነው። ልብሴን የተገፈፍኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

«እስከ ድልድዩ ሄጄ ልመለስ ነው» አልኩት። «ስኳር በሽታ አለብኝ። መሄድ አለብኝ።»

ሾፌሩ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«እና ያን ጊዜ ጾመኛ አልነበርሽም?»

«አልነበርኩም።»

«እኔ ደግሞ በየቀኑ አጅር ፍለጋ እለምንሽ ነበር» አለ። ሳይስቅ ነው ያለው። «እናቴም ስኳር አለባት። ሂጂ እላታለሁ፣ አትሄድም።»

«የምትሸከመው ነገር ስጣት» አልኩት።

አልገባውም። ተሳፋሪ ጠራውና ሄደ። እኔም ወደ ድልድዩ ሄድኩ። መንገዱ ላይ የማውቀው ሰው አላገኘሁም፤ በአኮ በር ላይ ሰንሰለቱ እንዳለ ነው፤ ድንጋይዋ ላይ አልተቀመጥኩም። ድልድዩ ላይ ትንሽ ቆሜ ውሃውን አየሁ፤ በዝናቡ ደፍርሷል። ኪሴን ዳሰስኩ፤ ቋጠሮው አለ። ወደ ጨፋ ሮቢት የሚወስደው አስፋልት ወደፊት ይቀጥላል። ለዚያን ቀን በቃኝና ተመለስኩ።